አበባው ለሁሉ፣ ማሩ ቀፎ ለሰቀለ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ዋጫን አይስታትም። መንገዱ የውሽውሽን የሻይ ማሳ ወደ ኋላ ትቶ፣ በደንና በጉም መካከል ሲጠማዘዝ ቆይቶ የከፋ ዞን ጨና ወረዳ ይደርሳል፤ ዋጫ የዚያ ወረዳ ከተማ ናት። እኔም አንድ ማታ በዚያች ከተማ ዳርቻ ባለ ቤት እንግዳ ነበርኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ጀበናው ፍም ላይ ተጥዷል፣ ጨዋታው ግን ገና አልሞቀም። ያን ማታ የተጫወትነውን ነው ዛሬ የማወጋችሁ፤ ጆሮ ስጡኝ።

የቤቱ ጌታ ሰባ ዘመን የዘለቁ ንብ አርቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ፣ ሲያጥኑና ማር ሲቆርጡ ኖረዋል። የልጅ ልጃቸው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል፤ ለዕረፍት መጥቷል። ልጁ ከፍሙ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ ቆየና፣ "አባባ፣ የሠሩትን ለዓለም ሁሉ በነፃ እየሰጡ በቢሊዮን ዶላር የከበሩ ሰዎች አሉ ብልዎት ያምኑኛል?" አላቸው።

ሽማግሌው ቀና አሉ። "በነፃ ከሰጡ ምን ሸጠው ከበሩ?"

ልጁ መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ለአፍታ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ይህችን አጭር ጥያቄ የኒውዮርክ ባለ ገንዘቦች ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠይቋት ኖረዋል። አንዳንዴ በፈንጠዝያ፣ አንዳንዴ በድንጋጤ ጠይቀዋታል፤ በጠየቋት ቁጥርም በአንድ ቀን ብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል ወይም ወርዷል። "አባባ፣ መልሱ ረጅም ነው። ቡናው እስኪደርስ ልጀምርልዎ?" አልኳቸው። "ጀምር፣ ልጄ። ማታው የእኛ ነው" አሉኝ።

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ።

ኮምፒውተር በራሱ አያስብም፤ ሰው የጻፈለትን ትእዛዝ፣ ኮድ የሚሉትን፣ ይፈጽማል። ያንን ትእዛዝ የጻፈ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ትእዛዙን እንደ ቡና ቆልቶ መሸጥ ነው። የተቆላ ቡና ይጠጣል እንጂ አይበቅልም፤ ገዢው ሲያልቅበት ተመልሶ ወደ ሻጩ ይመጣል። የጥንት የመን ነጋዴዎችም ሕያው የቡና ፍሬ ከአገራቸው እንዳይወጣ ይጠብቁ እንደነበር ይተረካል። ሁለተኛው ምርጫ ጥሬውን፣ ሕያውን ፍሬ መስጠት ነው። የተቀበለው ሰው ይጠጣዋል፣ ከፈለገም ይተክለዋል፣ ያዳቅለዋል፣ ለጎረቤቱ ያካፍለዋል። ይህን ሁለተኛውን ነው ኦፕን ሶርስ የሚሉት፤ ምንጩ ክፍት ማለት ነው።

በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የዚህ የልጅ ልጅዎ እኩያ የነበረ ወጣት፣ ለኮምፒውተር መሠረት የሚሆን ትእዛዝ ጻፈና ጥሬውን ለዓለም በተነው። ሊኑክስ ይሉታል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ከ1983 ጀምሮ፣ ሶፍትዌር ነፃ መሆን አለበት ብሎ ተነሥቶ ነበር። የእሱ የፈቃድ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ውሰድ፣ አሻሽል፣ ሽጥም፤ ነገር ግን ለሌላው ስታስተላልፍ አንተ በተቀበልክበት ነፃነት አስተላልፍ። ሊኑክስም በዚያ ሕግ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ ከየአገራቸው እየጻፉ አዋጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በዚህ ሥራ ላይ ሲፈጸም ታየ።

"ደግ ሰዎች ናቸው" አሉ ሽማግሌው። "የከበረው ግን ማን ነው?"

ወደዚያው እየሄድኩ ነው አልኳቸው። ማርክ ዩዊንግ የሚባል ወጣት ነበር። ተማሪ ሳለ አያቱ የሰጡትን ቀይ ኮፍያ አድርጎ ይዞር ስለነበር፣ ኮምፒውተር የቸገረው ሰው ሁሉ "ባለ ቀዩን ኮፍያ ፈልጉ" ይባል ነበር። በ1994 ሊኑክስን ከሌሎች ነፃ ሥራዎች ጋር አቀናጅቶ፣ ማንም እንዲጭነው አመቻችቶ አወጣው። ስሙንም ሬድ ሃት፣ ቀይ ኮፍያ፣ አለው። በተመሳሳይ ጊዜ ካናዳዊው ቦብ ያንግ በቤቱ ውስጥ፣ ባለቤቱ ልብስ በምትሰፋበት ጠባብ ክፍል፣ የኮምፒውተር ዕቃ በካታሎግ ይሸጥ ነበር። ሁለቱ ተገናኙና በ1995 አንድ ኩባንያ ሆኑ።

ቦብ ያንግ የእርስዎን ጥያቄ ለራሱ ጠይቆት ነበር። ያገኘው መልስ የቲማቲም ድልህ ነው። ቲማቲም በየጓሮው አለ፣ አሠራሩንም ቤት ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ግን ሄዶ ሄይንዝ የሚል ጠርሙስ ይገዛል። የሚገዛው ስሙን ስለሚያምነው ነው። የዛሬው ጠርሙስ እንደ ትናንቱ እንደሚሆን ያውቃልና። ያንግ፣ ሊኑክስን ስሰጥ የማተርፈው ከዚህ እምነት ነው አለ።

ነሐሴ 5 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 11 ቀን 1999፣ ሬድ ሃት አክሲዮኑን ናዝዳክ በሚባለው ገበያ አወጣ። አክሲዮን ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አይቸግረኝም፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ በቴሌብር ሰምተናል። በመጨረሻ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮኑን ገዙ። ለገበያ ከቀረበው አንድ ዘጠነኛ ገደማ መሆኑ ነው። ገዢው ጊዜ ወስዶ፣ አስቦ፣ ብዙውም "ትንሽ ልይ" ብሎ ነበር። በኒውዮርክ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ስድስት ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱ በ14 ዶላር ቀረበ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋጋው 52 ዶላር ደረሰ።

ኩባንያው ገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ መልካም ነገር አስቦ ነበር። ኮዱን በነፃ ለጻፉት በጎ ፈቃደኞች ደብዳቤ ልኮ፣ አክሲዮኑን በመነሻው ዋጋ እንዲገዙ ጋበዛቸው። አንዳንዶቹ ቅጹን ሲሞሉ ግን "በአክሲዮን ንግድ ልምድ የላችሁም" ተብለው ተመለሱ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች በር ላይ ቆሙ። ይህን የምነግርዎ በኋላ ወደ ከፋ ስመለስ ስለምፈልገው ነው፤ ያዙልኝ።

የገበያው ደስታ በዚያ አላቆመም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 9 ቀን፣ ሊኑክስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮችን የሚሸጥ ቪኤ ሊኑክስ የሚባል ኩባንያ በ30 ዶላር ተነሥቶ ማታ 239 ዶላር ላይ ዋለ። በአንድ ቀን ስምንት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ትርፍ አልነበረውም፤ ሊያተርፍ ይችላል የሚል ወሬ ግን ነበረው። ገዢዎቹ "ነፃ ነገር ዓለምን ይወርሳል" ሲባል ሰምተዋል፤ "ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" ብለው ግን አልጠየቁም።

ሽማግሌው እዚህ ላይ አቋረጡኝ። "ገተማ ሲያብብ አይተሃል?" አሉኝ። ገተማ በከፋ ደን ውስጥ ያለ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ነጩ ማር የሚመጣው ከእሱ አበባ ነው። "ገተማ ሲያብብ ጫካው በንብ ይጮኻል። ያንን ጩኸት ሰምቶ ዘንድሮ ማር በማር ነን ብሎ የተበደረ ሰው አውቃለሁ። ዝናብ መጣና አበባውን አረገፈው። ጩኸት ማር አይደለም።"

ልክ እንደዚያው ሆነ አልኳቸው። በ2000 ገበያው ተናደ። ከ100 ዶላር በላይ ወጥቶ የነበረው የሬድ ሃት አክሲዮን በ2001 ከ10 ዶላር በታች ወረደ። የቪኤ ሊኑክስ ደግሞ ከ2 ዶላር በታች ገባ። ትናንት ሲያጨበጭቡ የነበሩ ሰዎች ዛሬ "ቀድሞውንስ በነፃ የሚሰጥ ምን ያተርፋል?" ማለት ጀመሩ። ሽቅብም ሲሮጡ ቁልቁልም ሲሮጡ ሥራውን አላዩትም።

በዚያ ጨለማ ጊዜ ሬድ ሃት ያደረገው ነገር ነው የትረካዬ እምብርት። እስከዚያ ድረስ በካርቶን የታሸገ ሲዲ ይሸጥ ነበር። ሲዲውን አንዱ ገዝቶ ለመቶ ሰው ሊገለብጠው ይችላል፤ ፈቃዱም አይከለክልም። ስለዚህ በ2002 እና በ2003 ዘዴውን ቀየረ። ለባንክ፣ ለአየር መንገድ፣ ለሆስፒታል፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሆን፣ ለዓመታት የማይናወጥ አንድ ዓይነት አዘጋጀና "ኮዱ የሁላችንም ነው፤ ዓመታዊ ክፍያ ከከፈላችሁኝ ግን ሌሊት ቢበላሽ እነሣለሁ፣ ቀዳዳ ሲገኝ እደፍናለሁ፣ ለብዙ ዓመታት ከጎናችሁ አልለይም" አለ። ለወጣቶችና ለተመራማሪዎች ደግሞ ፌዶራ የሚባል ነፃ ዓይነት ተወላቸው።

ሌላም ነገር አደረገ። ኮዱን ሲሰጥ ስሙን አልሰጠም። ሴንትኦኤስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የሬድ ሃትን ኮድ ወስዶ፣ ያንኑ ሠርቶ በነፃ አደለ። መብቱ ነው፤ ማንም አልከለከለውም። ነገር ግን የሬድ ሃት ጠበቆች "ስማችንንና ቀይ ኮፍያችንን አንሡ" ብለው ጻፉ። ቡድኑም ስሙን ከገጹ አውጥቶ፣ "የሰሜን አሜሪካ ታዋቂ አቅራቢ" ብሎ ብቻ እስከመጥራት ደረሰ። ፍሬውን ለሁሉ መበተን፣ ስሙን ግን እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ማለት ይህ ነው።

ባለ አክሲዮኖቹስ? አሁንም አላረፉም። በጁላይ 2004 ሬድ ሃት የሦስት ዓመት ሒሳቡን አርሜ አወጣለሁ አለ። ጥፋቱ እንዲህ ነበር፦ ደንበኛው የዓመቱን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ኩባንያው ደግሞ ደንበኛው በወሩ አጋማሽ ቢገባም የሙሉ ወሩን ገቢ ይመዘግብ ነበር። ኦዲተሮቹ "በወር ሳይሆን በቀን ቁጠሩት" አሉ። ከደንበኛ የተሰረቀ ሳንቲም የለም፤ ገቢው የሚመዘገብበት ቀን ነው የተቀየረው። አክሲዮኑ ግን በዚያ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ።

"አልፈርድባቸውም" አሉ ሽማግሌው። "ማር ሳይቆረጥ ቆጥሮ የሚናገር ሰው ቢታመን እንኳ አንድ ጊዜ ነው። ስሙን ጠብቆ የሚበላ ሰው ሚዛኑ ከሌላው ሰው ሚዛን በላይ መጠንቀቅ አለበት።" እኔ በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ አልነበረም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2006 ነው። ኦክቶበር 25 ቀን፣ ኦራክል የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ መሪ ላሪ ኤሊሰን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ "የሬድ ሃትን ሊኑክስ እኛው ወስደን፣ በረከሰ ዋጋ እንንከባከብላችኋለን" አለ። ኮዱ ክፍት ነውና ማን ይከለክለዋል? ባለ ገንዘቦቹ ጥያቄዋን እንደገና አነሧት፤ በነፃ ከሰጠ ምን ሸጦ ይኖራል? በማግስቱ የሬድ ሃት አክሲዮን በአንድ ቀን 24 በመቶ ወደቀ። ብዙ ጋዜጦች የቀብር ጽሑፍ የሚመስል ነገር ጻፉ።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ወጣ። ደንበኞቹ አልሄዱም ነበር። ውላቸውን አድሰዋል፣ አዳዲሶችም መጥተዋል፤ ውጤቱ ከተጠበቀው በለጠ፣ አክሲዮኑም ተመልሶ ወደ ላይ ተወነጨፈ። ለምን አልሄዱም? ሌሊት ስልክ ሲደወል የሚያነሣውን ሰው ያውቁታል፣ ኮዱን የጻፉትም ብዙዎቹ እዚያው ይሠራሉ፤ ቀዳዳ ሲገኝ ማን መድፈን እንደሚችል በተግባር አይተዋል። ኮዱን መውሰድ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ እምነቱን መውሰድ ግን ዓመታት ይጠይቃል።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። "እንዲህ በለኝ እንጂ!" አሉ። "ተመልከት፣ የጫካው አበባ የማንም አይደለም። የእኔም ንብ፣ የጎረቤቴም ንብ፣ ከማዶ መንደር የመጣውም ንብ ይቀስመዋል። አበባውን አጥሬ ልያዝ ብል ጫካውም አይታጠርም፣ ንቡም ይሸሻል። ማሩ የማን ነው? ቀፎ የሠራው፣ ገመድ ይዞ ዛፍ ላይ የወጣው፣ ያጠነው፣ ጉንዳን የጠበቀው ሰው ነው። አበባው ለሁሉ፣ ማሩ ቀፎ ለሰቀለ።"

ልጁ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔም እንግዳነቴን ረስቼ ብድግ ልል ነበር፤ የኒውዮርክ ባለ ገንዘቦች ሃያ ዓመት የፈለጉትን መልስ ሽማግሌው ከዛፍ ላይ ሆነው ሲኖሩት ኖረዋል።

ቀሪውን ባጭሩ ጨረስኩላቸው። እስከ ፌብሩዋሪ 2012 በነበረው የሒሳብ ዓመት ሬድ ሃት 1.13 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አስገባ፤ በኦፕን ሶርስ ብቻ እየሠራ ቢሊዮን የደረሰ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ። ኦክቶበር 28 ቀን 2018 ደግሞ አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው እንደተስማማ አስታወቀ። ዓርብ ዕለት 117 ዶላር ገደማ የነበረውን አክሲዮን በ190 ዶላር ነው የገዛው። ሰኞ ገበያው ሲከፈት የሬድ ሃት ባለ አክሲዮኖች ሲደሰቱ የአይቢኤሞቹ ደግሞ "ለነፃ ነገር ይህን ያህል?" ብለው ደነገጡ፤ የአይቢኤም አክሲዮን ቀነሰ። ጥያቄዋ ያን ቀንም አልሞተችም።

አንድ የሚያሳስብ ምዕራፍ ግን አለ። በ2023 ሬድ ሃት የዋና ምርቱን ሙሉ ኮድ ለደንበኞቹ ብቻ እንጂ እንደ ድሮው በአደባባይ አላወጣም አለ። ሌሎችም ኩባንያዎች በዚያው ዘመን ፈቃዳቸውን አጠበቁ፤ ሐሺኮርፕ፣ ከዚያም ሬዲስ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ታላላቅ ድርጅቶች ሥራቸውን እየወሰዱ ምንም ሳያዋጡ ይሸጡባቸው ነበር። ነገር ግን ከመጀመሪያ ጀምሮ በነፃ ያዋጡት ሰዎች ቅሬታቸውን አሰሙ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በብዙ እጅ የበቀለ ነገር ላይ አጥር የሚያጥር ሰው፣ ዛሬ ባለ አክሲዮኑን ቢያስደስት ነገ የሚያዋጣለትን እጅ ያጣል። ኢላስቲክ የተባለው ኩባንያ በ2021 አጥሮ በ2024 አጥሩን መልሶ የከፈተው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ቡናው ደረሰ። የመጀመሪያውን ስኒ ሽማግሌው ተቀበሉና፣ ሳይጠጡ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "እንግዲህ የእኛን ንገረኝ" አሉ። "የሰውን ጨረስክ።"

የእኛ ታሪክ ያመኛል፤ ግን ነገርኳቸው። በከፊኛ ቡኖ የሚባለው ይህ ፍሬ ከእነዚህ ደኖች ወጥቶ ዓለምን ሞላ። ጥሬውን፣ ሕያውን ሰጠን፤ ፈቃድ የጠየቀ የለም፣ ውል የተፈራረመም የለም። ሊኔየስ በ1753 የተክሉን ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ እንኳ አረቢካ ብሎ ለዓረብ አገር ሰጠው። እኛ የዓለምን ትልቁን ኦፕን ሶርስ ሰጥተናል፤ ከዘመናት በፊት።

ጌሻንም አነሣሁላቸው። ጌሻ የሚባል ወረዳ እዚሁ ከፋ ውስጥ አለ፤ ስሙ በጎረቤት ቤንችም ይጠራል። በ1930ዎቹ ከዚህ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የተለቀመ የቡና ዘር በታንዛኒያ በኩል አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፣ ከዚያም ፓናማ ተሻገረ። እዚያ ለዓመታት ከሌላው ቡና ተደባልቆ ኖረ። በ2004 ኤስሜራልዳ የተባለ እርሻ ለይቶ ለቀመው፣ ለብቻው አጠበው፣ ለብቻው አደረቀው፣ ጨረታ ላይም አቀረበው። አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ፤ በጊዜው ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። በ2025 ደግሞ የዚያው እርሻ ጌሻ አንድ ኪሎ 30,204 ዶላር ተሸጠ። ዘሩ የእኛ ነው፤ ስሙም የእኛ ነው። ቀፎውን የሰቀለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "ሰረቁን እንዳትለኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ጎረቤቴ ማር ቢቆርጥ አበባዬን ሰረቀኝ አልልም። እኔ የት ነበርኩ ብዬ ነው የምጠይቀው።"

እኛም ጨርሰን አልተኛንም አልኳቸው። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም መጀመሪያ አልተስማማም። ኦክስፋም ዓለምን ቀሰቀሰ፣ ብዙ ሰው ደብዳቤ ጻፈ፤ በመጨረሻ በጁን 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ። ስምምነቱን ልብ ብለው ይስሙት፦ ኢትዮጵያ ስሞቹን ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙባቸው ፈቀደች፤ በምትኩ የስሞቹ ባለቤት እሷ መሆኗ ታወቀ። ፍሬውን መስጠት፣ ስሙን መያዝ! በአዲስ አበባ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት የተቀመጡት ሰዎች የቀይ ኮፍያውን ዘዴ ለቡና አዋሉት። ያኔ በተመዘገቡት ሦስት ስሞች ውስጥ ግን ከፋ አልነበረም።

የልጅ ልጃቸው እዚህ ላይ ገባ። "የሶፍትዌሩም እንደዚያው ነው፣ አባባ" አለ። "ጤና ጣቢያው ሪፖርቱን የሚልክበት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው ነገር ከኖርዌይ፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የፋይዳ መታወቂያም ሕንድ ውስጥ በተሠራ ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ ላይ ነው የቆመው። እኛም የሰው አበባ እየቀሰምን ነው።"

እውነቱን ነው። በሬድ ሃት ፈንጠዝያ በዚያው በ1999፣ በሴፕቴምበር፣ የግዕዝ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ደረጃ ውስጥ ገባ። ያ የሆነው ጥቂት ሰዎች፣ አብዛኛው ያለ ደመወዝ፣ ለዓመታት ስለ ደከሙበት ነው። ዛሬ ሽማግሌው ስልካቸው ላይ በአማርኛ የሚያነቡት መልእክት፣ እናንተም አሁን የምታነቡት ይህ ጽሑፍ፣ የዚያ ልግስና ፍሬ ነው። አክሲዮን አልወጣለትም፣ የገበያ መክፈቻ ደወልም አልተደወለለትም።

ስለዚህ መቀበል ነውር አይደለም። ነውሩ ተቀብሎ አለመንከባከብ ነው። ፋይዳ የቆመበትን ኮድ የሚያነብ፣ የሚጠግን፣ ለሌላው የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ወጣት ካልበዛ፣ ነፃ የተሰጠንን ነገር ለሚያስተካክልልን ሰው በዶላር እንከፍላለን። አበባው ነፃ ሆኖ ማሩን ስንገዛ እንኖራለን።

የባለ ገንዘቦቹ ድንጋጤ ለእኛ ሩቅ የሚመስለው ካለ፣ ቦንጋ ያለውን የምርት ገበያ መጋዘን ደጅ ይቁም። ብራዚል ውርጭ ሲመታው፣ እንደ 2021 ጁላይ፣ በኒውዮርክ የቡና ዋጋ ይዘላል፤ የጀንፈል ዋጋም እዚህ ይከተላል። ሲወርድም እንደዚያው። ወሬ ሲመጣ እሸቱን ሳይበስል የሚለቅም፣ ወሬ ሲወርድ ዛፉን የሚነቅል ሰው፣ በ1999 አክሲዮን ገዝቶ በ2001 የሸጠውን ሰው ይመስላል። የሚተርፈው ዝናቡም ፀሐዩም ሲፈራረቅ ቀዩን ብቻ የሚለቅም፣ አልጋ ላይ የሚያደርቅ፣ ስሙን የማያበላሽ ገበሬ ነው።

ከፋ መሠረት የላትም ማለቴ አይደለም። ደኗ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። የገበሬዎቹ የጫካ ቡና ዩኒየን ቡናውን በራሱ ስም ወደ ውጭ ይልካል። የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ ቆሟል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከጎረቤቶቿ ጋር አዲስ ክልል መሥርታለች፤ ቦንጋም ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ናት። ቀፎዎቹ ተሠርተዋል፤ የቀረው መስቀልና ማጠን፣ ጉንዳኑንም መጠበቅ ነው።

ቀደም ብዬ "ያዙልኝ" ያልኩትን አሁን ልመልሰው። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ገበያው ሲከፈት በር ላይ ቆመው ቀሩ። የቡናው ባለቤት የከፋ ገበሬም እንደዚያው በር ላይ እንዳይቆም፣ የእርሻውን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ የደኑን ስም ዛሬ ማስመዝገብ ይገባል። ይህ የአንድ ገበሬ ሥራ አይደለም፤ የወረዳው፣ የዞኑ፣ የዩኒየኑ፣ የዩኒቨርሲቲው ነው።

ዝናቡ አባራ። ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ልጁ ዞሩ። "ነገ አብረኸኝ ትወጣለህ፤ ሦስት ቀፎ አለኝ ያልተሰቀለ። ገመድ መያዝ ታውቃለህ?" አሉት። "አላውቅም፣ አባባ።" "አስተምርሃለሁ። አንተም ያንን የመታወቂያውን ትእዛዝ እንዴት እንደሚጠገን ተማርና አስተምረኝ። እኔ ባልችል እንኳ ለሌላው አስተምር።"

ጠዋት ገና ጉሙ ሳይነሣ ሁለቱን ደጅ ላይ አየኋቸው፤ ሽማግሌው ገመዱን በትከሻቸው፣ ልጁ ቀፎውን በጭንቅላቱ ይዘው ወደ ደኑ ሲገቡ።

እናንተ በከፋም በሌላውም የአገራችን ክፍል የምትገኙ ወጣቶች፣ በክፍት የተሰጣችሁን ኮድ ከፍታችሁ አንብቡት፤ የተሰበረ ብታገኙ ጠግናችሁ ለሁሉም መልሱት፤ በሠራችሁት ላይ ስማችሁን አኑሩ፣ ስማችሁንም በሥራ ጠብቁት። እናንተም በመሥሪያ ቤት የተቀመጣችሁ፣ የከፋን ቡና ስም ሌላ አገር ከመከበሩ በፊት እዚሁ አስከብሩት። ጫካው ዘንድሮም ያብባል፤ ቀፏችሁን ሳታረፍዱ ስቀሉ።